የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ እንቅርት፣ መርፌ እና የዘረመል ምርመራ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ታይሮይድ ካንሰር ምርመራ የተላኩ ናቸው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስም አላወጣንም። «ዓ.ም.» ያልተጻፈበት ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ እንቅርቴ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዘንድሮ አልትራሳውንድ ስነሣ በቀኝ በኩል 2.1 ሳንቲሜትር የሆነ እብጠት አለ፣ «ቲራድስ 4» ነው አሉኝ፤ በመርፌ ናሙና እንዲወሰድም ታዘዘልኝ። ጎረቤቶቼ ግን «መርፌ የነካው እብጠት ይቆጣል፤ ካንሰር ባይሆን እንኳ ካንሰር ይሆናል» እያሉ አስፈሩኝ። ምን ይሻለኛል? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ናሙናውን ይስጡ። መርፌ ደህናውን እብጠት ወደ ካንሰር አይለውጥም። እብጠቱ ካንሰር ቢሆን እንኳ በመርፌው መንገድ ሕዋሳት ተዘርተው የተገኙበት ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ጎረቤቶችዎ ያዩት ነገር ሊኖር ይችላል፤ ከመጀመሪያው ክፉ የነበረ እብጠት ከተወጋ በኋላም ማደጉን ይቀጥላል፣ ጥፋቱ ግን በመርፌው ይላከካል። ደህና የሆነውም ቢሆን ውስጡ ጥቂት ደም ቋጥሮ ለቀናት ሊያብጥና ሊያም ይችላል፤ ይህ በራሱ ጊዜ ይመለሳል።

ቲራድስ 4 የካንሰር ደረጃ አይደለም። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ኖዱል የሚባለውን እብጠት በአምስት መልኩ አይቶ ነጥብ ይሰጠዋል፦ ድፍን ነው ወይስ ውሃ የቋጠረ፣ በምስሉ ላይ ከቀሪው ታይሮይድ ይጠቁራል ወይ፣ ቁመቱ ከስፋቱ ይበልጣል ወይ፣ ጠርዙ የተስተካከለ ነው ወይስ የተበጣጠሰ፣ በውስጡስ የሚያበሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ ወይ። ድፍን ከሆነ 2፣ ከጠቆረ 2፣ ቁመቱ ከስፋቱ ከበለጠ 3፣ ነጠብጣቦቹ ካሉ 3 ነጥብ ያገኛል። ድምሩ ከ4 እስከ 6 ሲሆን ቲራድስ 4፣ 7 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ቲራድስ 5 ይባላል። የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ ቲራድስ 3 የሆነው 2.5 ሳ.ሜ. ሲደርስ፣ ቲራድስ 4 የሆነው 1.5 ሲደርስ፣ ቲራድስ 5 የሆነው ደግሞ 1 ሳ.ሜ. ሲደርስ በመርፌ ይመረመራል። የእርስዎ 2.1 ስለሆነ የታዘዘልዎት ትክክል ነው።

ከመርፌው በፊት የቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን) የደም ምርመራ መሠራቱን ያረጋግጡ። ቲኤስኤች ዝቅ ካለ ኖዱሉ ራሱ ሆርሞን እያመረተ ሊሆን ስለሚችል የአይሶቶፕ ስካን (ጥቂት ጨረር ያለው መድኃኒት ተሰጥቶ የሚነሣ ምስል) ይቀድማል። በስካኑ «ሞቃት» ሆኖ የሚታይ ኖዱል ካንሰር የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው፤ በመርፌ ቢወሰድ ግን ሕዋሳቱ አጠራጣሪ መስለው ሊያሳስቱ ይችላሉ። ሌላው ነገር፣ የቆየ እንቅርት ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ኖዱል ይይዛል። መወጋት ያለበት በምስሉ ይበልጥ የሚያጠራጥረው ነው እንጂ በእጅ የሚዳሰሰው ትልቁ አይደለም። «የትኛውን ነው የምትወጉት? ለምን?» ብለው ይጠይቁ።

መርፌው ደም ከሚቀዳበት ይቀጥናል፤ ከ25 እስከ 27 ጌጅ ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ ከሁለት እስከ አምስት ጊዜ ይገባል። መጾም አያስፈልግም። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ በራስዎ ውሳኔ ግን አያቋርጡ። መርፌው ውስጥ ሳለ ምራቅ አይዋጡ፣ አይናገሩ። ሲያበቃ ቦታውን ለ10 ደቂቃ ያህል ጠበቅ አድርገው ይጫኑ። አንገትዎ በፍጥነት ካበጠና ትንፋሽ ካጠረዎት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የቆየ እንቅርት ድንገት በሳምንታት ውስጥ ማደግ ከጀመረ ወይም ድምፅ ከጎረነነ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ አናፕላስቲክ የሚባለው እጅግ ፈጣኑ ዓይነት የሚነሣው በብዛት በዕድሜ በገፉ፣ ለዓመታት እንቅርት በነበራቸው ሰዎች ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ የመርፌ ናሙና «ቤቴስዳ 3» ተብሎ መጣ። ሐኪሟ ለጂን ምርመራ እንላከው ይላል። ካንሰር ነው ወይስ አይደለም? ለምን በግልጽ አይነግሩንም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ያልነገሯችሁ ደብቀው አይደለም። ናሙናው ራሱ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። ስያሜው የመጣው ባለሙያዎች በ2007 ከመከሩባት ከጎረቤታችሁ ከቤቴስዳ ከተማ ነው። የመርፌ ናሙናን በስድስት ይከፍላል፤ በ2023 በወጣው ሦስተኛ ዕትም መሠረት ካንሰር የመሆን አማካይ ዕድላቸው እንዲህ ነው፦ 1 (በቂ ሕዋስ ያልተገኘበት) 13 ከመቶ፣ 2 (ደህና) 4 ከመቶ፣ 3 (ምንነቱ ያልለየ) 22 ከመቶ፣ 4 (ፎሊኩላር እጢ) 30 ከመቶ፣ 5 (በጣም የሚያጠራጥር) 74 ከመቶ፣ 6 (ካንሰር) 97 ከመቶ። ስለዚህ ከእናትዎ ጋር አንድ ዓይነት ውጤት ካገኙ አምስት ሰዎች አራቱ ገደማ ካንሰር የለባቸውም።

ሦስትና አራት ቁጥር ላይ ፓቶሎጂስቱ (ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሐኪም) የሚቸገረው በስንፍና አይደለም። ፎሊኩላር ካንሰርን ከደህናው ፎሊኩላር እጢ የሚለየው ሕዋሳቱ የእጢውን ሽፋን ወይም የደም ሥሩን ጥሰው መውጣታቸው ነው። መርፌ ሕዋሳትን ለቅሞ ያመጣል፤ ሽፋኑን አያመጣም። የጂን ምርመራው የገባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚታዘዙት ቲሮሴክ እና አፊርማ ናቸው። ቲሮሴክ በሦስተኛው ቅጂው 112 ጂኖችን ያያል፤ በተፈተነበት ሰፊ ጥናት ካንሰር ከነበረባቸው 94 ከመቶውን አግኝቷል፣ ካንሰር ካልነበረባቸው ደግሞ 82 ከመቶውን ነጻ ብሏል። አፊርማ ዛሬ በሥራ ላይ ባለው ቅጂው 91 እና 68 ከመቶ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ አታንብቡ፤ የተገኘው ጂን የትኛው እንደሆነ እዩ። ቢ-ራፍ ቪ600ኢ የሚባለው ለውጥ በጂኑ 1799ኛ ቦታ ላይ የአንድ ፊደል መቀየር ነው፤ በዚህ የተነሣ ፕሮቲኑ ሕዋሱን «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ማቋረጥ ያቅተዋል። ይህ ከተገኘ ፓፒላሪ የሚባለው፣ ከታይሮይድ ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ዓይነት መሆኑ እርግጠኛ ሊባል ይቻላል። ከእሱ ጋር የተርት ጂን ለውጥ ከታከለ በሽታው የመመለስና የመሰራጨት ዝንባሌው ይጨምራል፤ ቀዶ ጥገናውም ሰፋ ብሎ ይታቀዳል። ኤን-ራስ የሚባለው ጂን ለውጥ ለብቻው ሲገኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደህና እጢም፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል፤ ወይም በ2016 ባለሙያዎች «ካንሰር» የሚለውን ስም ያነሡለት፣ በሽፋኑ ውስጥ ተዘግቶ የሚቀር እጢ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚበቃው የታይሮይዱን ግማሽ ማውጣት ነው።

ሐኪሙን የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ «ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ? እንዲያ ቢሆንስ?» የሚለው ነው። እንቅርቱ መተንፈሻዋን እየተጫነ ስለሆነ እናትዎ ለማንኛውም ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ከሆነ ምርመራው ገንዘብ መጣያ ነው። ሁለቱ መልሶች ወደ አንድ ውሳኔ የሚያደርሱ ከሆነም እንደዚያው። ምርመራው ከታዘዘ ኢንሹራንሱ አስቀድሞ እንዲያጸድቅ አድርጉ፤ በመጀመሪያው መርፌ ጊዜ ለጂን የሚሆን ናሙና በመጠበቂያ ፈሳሽ ተቀምጦ እንደሆነም ጠይቁ። ከተቀመጠ ሁለተኛ መርፌ ላያስፈልግ ይችላል።

ጥያቄ፦ አባቴ የሞተው በታይሮይድ ካንሰር ነው። ወረቀቱ ላይ «ሜዱላሪ» የሚል አለ። እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉኝ። ወደ እኛ ይመጣል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ያቺን አንዲት ቃል ማስተዋልዎ ትልቅ ነገር ነው። ከታይሮይድ ካንሰሮች ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ፓፒላሪ ናቸው፤ የፓፒላሪ ጂን ለውጥ በአብዛኛው ሰውየው ከተወለደ በኋላ እዚያው እብጠቱ ውስጥ የተፈጠረ ስለሆነ ወደ ልጅ አይተላለፍም። ሜዱላሪ ግን ሌላ ቤት ነው። የሚነሣው ካልሲቶኒን የሚባለውን ሆርሞን ከሚያመርቱት ሲ-ሕዋሳት ነው፤ ከአራት ታማሚዎች በአንዱ ምክንያቱ በ10ኛው ክሮሞዞም ላይ ባለው አር.ኢ.ቲ. ጂን ላይ አብሮ የተወለደ ለውጥ ነው። ለውጡ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ወንድም ሴትም እኩል ነው። ይህ በ1993 ከታወቀ ወዲህ በዚህ በሽታ ላይ ሐኪሞች ካንሰሩ ሳይመጣ የሚቀድሙበት መንገድ አግኝተዋል።

እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ የአባትዎን የፓቶሎጂ ወረቀት ይዘው ወደ ኢንዶክሪን ወይም ካንሰር ሐኪም ይሂዱ። የሚመረመረው የእርስዎ ደም ነው፤ ሐምራዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ መጾም አያስፈልግም። ናሙናው ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ትእዛዙ ላይ ቢያንስ ኤክሶን (የጂኑ ክፍል) 10፣ 11፣ 13፣ 14፣ 15 እና 16 እንዲነበቡ ይጻፍ፤ በአንዱ ቦታ ላይ ብቻ ተመርምሮ «የለም» ቢባል ዋጋ የለውም። ከአባትዎ የቀረ የፓራፊን ብሎክ (በሰም ውስጥ የተቀመጠ የሥጋ ናሙና) ካለ ጤነኛው ሥጋ ቢመረመር ይመረጣል፤ ለውጡ በካንሰሩ ውስጥ ብቻ ቢገኝ አብሮት የተወለደ ይሁን አይሁን አይለይም። የአባትዎ ለውጥ ከታወቀና እርስዎ ላይ ከሌለ ልጆችዎን መመርመር አያስፈልግም። የአባትዎ ካልታወቀ ግን የእርስዎ ነጻ መሆን ብቻውን ሙሉ ማረጋገጫ ስለማይሆን አንገትዎ በአልትራሳውንድ፣ ደምዎም በካልሲቶኒን ይታይ።

ካልሲቶኒን አስቸጋሪ ምርመራ ነው። ናሙናው በበረዶ ሆኖ ወዲያው ካልተለየና ካልቀዘቀዘ ይፈርሳል፣ ውጤቱም በሐሰት ዝቅ ይላል። በተቃራኒው ኦሜፕራዞልን የመሰሉ የጨጓራ መድኃኒቶች፣ የኩላሊት ድክመትና ሲጋራ ከፍ ያደርጉታል።

ለውጡ ከተገኘ ዓይነቱ የቀዶ ጥገናውን ጊዜ ይወስናል። 918 በሚባለው ቦታ ላይ ያለው ከሁሉም ክፉው ነው፤ የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር የ2015 መመሪያ የልጁ ታይሮይድ በመጀመሪያው ዓመቱ እንዲወጣ ይመክራል። 634 እና 883 ላይ ከሆነ እስከ 5 ዓመት ድረስ፤ በቀሪዎቹ ካልሲቶኒን እየታየ ቆይቶ ይወሰናል። የ918ቱ ልጆች ምላሳቸውና ከንፈራቸው ላይ ትናንሽ እብጠቶች ይኖራሉ፣ ሲያለቅሱ እንባ አይወጣቸውም፣ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የሆድ ድርቀት ያስቸግራቸዋል። በብዙዎቹ ልጆች ወላጆች ላይ ለውጡ አይገኝም፤ በልጁ የጀመረ ነው።

አንድ ነገር በፍጹም አይዘለል። ይህ ለውጥ ያለበት አዋቂ ለማንኛውም ቀዶ ጥገና ከመግባቱ በፊት ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች መታየት አለባቸው፤ ምርመራው በደም ወይም በ24 ሰዓት ሽንት ሜታኔፍሪን (የአድሬናል ሆርሞኖች ተረፈ ምርት) መለካት ነው። እዚያ ፊዮክሮሞሳይቶማ የሚባል እጢ ተደብቆ ሳይታወቅ ሰመመን ከተሰጠ የደም ግፊቱ በጠረጴዛው ላይ ሊገነፍልና ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ጥያቄ፦ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። በቆዩ የፓራፊን ብሎኮች ላይ የቢ-ራፍ ምርመራ ስንሠራ ብዙው ይወድቅብናል፤ የተሳካውም በማይክሮስኮፕ ግልጽ ፓፒላሪ ሆኖ ሳለ «ለውጥ የለም» ይላል። የት ነው የምንሳሳተው? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም፤ ስሕተት ላይሆን ይችላልና። ቢ-ራፍ ቪ600ኢ የሚገኘው በፓፒላሪ ካንሰር ከ40 እስከ 60 ከመቶው ላይ ነው። በ2014 ይፋ የሆነው የ496 እጢዎች የዘረመል ጥናት እንዳሳየው ፎሊኩላር መልክ ያላቸው ፓፒላሪዎች በአብዛኛው «ራስ» በሚባለው ቤተሰብ ያሉ (እንደ ኤን-ራስ ያሉ) ጂኖችን ለውጥ ይይዛሉ። ስለዚህ «የለም» ያሉ ብሎኮችን በዓይነት ለዩዋቸው። ክላሲክ የሆኑትም ባዶ ከሆኑ ያኔ የካንሰር ሕዋሱን ድርሻ ተጠራጠሩ። ሳንገር የሚባለው የዲኤንኤ ንባብ ለውጡን የሚያየው ከጠቅላላው ዲኤንኤ ከ15 እስከ 20 ከመቶው ላይ ሲኖር ነው። ለውጡ ከሁለቱ የጂኑ ቅጂዎች በአንዱ ላይ ብቻ ስለሚሆን ከተቆረጠው ሥጋ ቢያንስ ከ30 እስከ 40 ከመቶው የካንሰር ሕዋስ መሆን አለበት ማለት ነው። ሊምፎሳይት (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) የሞላበት ታይሮይድ ይህን በቀላሉ ያጠፋዋል። ፓቶሎጂስቱ ስላይዱ ላይ የካንሰሩን ክልል በብዕር ይክበብ፤ እናንተ ቀጥሎ ከተቆረጡት ስላይዶች ያንን ክልል ብቻ ፋቁ።

የሚወድቁት ብሎኮች ታሪካቸው የሚጀምረው ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነው። ፎርማሊን በሰዓት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሰርግ ሳይከፈት የተነከረ ታይሮይድ ውጩ ጸንቶ መሃሉ ይበሰብሳል። ሥጋው ይከፈት፤ ፎርማሊኑ የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን፤ 10 ከመቶ ሆኖ በቡፈር (አሲድነቱን በሚያረጋ ጨው) የተስተካከለ ይሁን። ቡፈር የሌለው ፎርማሊን አሲድ እየሆነ ዲኤንኤውን ይቆራርጠዋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ይበቃል። ካልሲየም የጠጠረበትን እጢ በአሲድ ማለስለስ ሌላው ገዳይ ነው፤ ለጂን የሚፈለገው ቁራጭ ካልሲየምን ቀስ ብሎ በሚያወጣው ኢዲቲኤ ይለስልስ። በፒሲአር (በዲኤንኤ ማባዣው) የሚባዛውን ቁራጭ ርዝመትም ከ150 ቤዝ በታች አድርጉት፤ የቆየ ብሎክ ከዚያ የረዘመ ዲኤንኤ አይሰጥም።

ተርትን ልትጨምሩ ካሰባችሁ ተጠንቀቁ። ፎርማሊን ሲ ፊደልን ወደ ቲ የቀየረ የሚመስል የሐሰት ለውጥ ይፈጥራል፤ የተርት ዋና ለውጦች ደግሞ ልክ እንደዚያው ከሲ ወደ ቲ ናቸው። ዲኤንኤውን ከፒሲአር በፊት በዩራሲል ግላይኮሲሌዝ ኢንዛይም ማከምና የተገኘውን ለውጥ በሁለተኛ ፒሲአር መድገም ያስፈልጋል። ቢ-ራፍ ከቲ ወደ ኤ ስለሆነ በዚህ አይታማም። ፒሲአር ጨርሶ ካስቸገረም ቪኢ1 በሚባለው ፀረ-አካል ስላይዱን መቀባት አለ፤ ዲኤንኤ አይጠይቅም፣ ለቪ600ኢም ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ ልጅነቷን ያሳለፈችው ቤላሩስ፣ ጎሜል አካባቢ ነው። ቼርኖቤል ሲፈነዳ ሕፃን ነበረች፤ በኋላ ታይሮይዷ ወጣ። የጨረር ካንሰር ከሌላው ይለያል? ልጆቿስ ይወርሳሉ? (ከነታንያ፣ እስራኤል)

መልስ፦ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1986) ከተበተነው ውስጥ ታይሮይድን የጎዳው አዮዲን-131 ነው። ግማሹ በ8 ቀን ይጠፋል፤ ነገር ግን በእነዚያ ሳምንታት ላሞች በበሉት ሣር በኩል ወደ ወተት፣ ከወተት ወደ ልጆች ገባ። አካባቢው የአዮዲን እጥረት ነበረበት፤ የተራበ ታይሮይድ ያገኘውን አዮዲን ሁሉ ስለሚስብ ጉዳቱ ከፋ።

ካንሰሩ ያው ፓፒላሪ ነው፤ የሚለየው ወደዚያ የደረሰበት መንገድ ነው። ጨረር የዲኤንኤን ሁለቱንም ገመዶች ይበጥሳል፤ ጥገናው ሲሳሳት የተበጠሱት ጫፎች ከማይገባቸው ጋር ይጋጠማሉ። ከእነዚህ የተሳሳቱ መጋጠሞች አንዱ የሚደርሰው ቀደም ብለን ባነሣነው አር.ኢ.ቲ. ጂን ላይ ነው፤ እዚህ ግን የተበላሸው በታይሮይዱ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ውርስ የለውም። በ2021 የታተመ የ440 እጢዎች ጥናት የተወሰደው ጨረር በጨመረ ቁጥር እንዲህ ያሉ መጋጠሞች እንደሚበዙ አሳይቷል፤ ሆኖም አንድን ካንሰር አይቶ «ይህ የጨረር ነው» የሚያሰኝ ልዩ ምልክት አላገኘም። በዚያው ጊዜ የታተመ ሌላ ጥናት ለጨረሩ የተጋለጡ ወላጆች የወለዷቸውን 130 ልጆች ሙሉ ዘረመል አንብቦ ከተለመደው የበዛ አዲስ ለውጥ አላየም። ባልደረባዎ ስለ ልጆቿ በዚህ ምክንያት መሥጋት የለባትም።

ጥያቄ፦ እኅቴ ፓፒላሪ ተገኘባት። ቤተሰቡ በሙሉ አልትራሳውንድ ቢነሣ አይሻልም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ምልክት ከሌለና በቤተሰቡ የታመመችው እሷ ብቻ ከሆነች አይሻልም። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎች በብዛት ሲመረመሩ በ2011 የተገኘው ታይሮይድ ካንሰር የ1993ቱን 15 እጥፍ ሆነ፤ በበሽታው የሚሞተው ሰው ቁጥር ግን አልተቀየረም። የተጨመረው ታይሮይዳቸው የወጣ፣ ዕድሜ ልክ ክኒን የሚውጡ፣ አንዳንዶቹም ድምፃቸው የተጎዳ ሰዎች ቁጥር ነው። ኮቤ የሚገኘው የጃፓኑ ኩማ ሆስፒታል ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሳ.ሜ. ያልበለጡ ፓፒላሪዎችን ሳይቀድ ሲከታተል በ10 ዓመት 3 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ያደጉት 8 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሦስት የቅርብ ዘመዶች ከታመሙ፣ ወይም በቤተሰቡ በወጣትነት የአንጀት ፖሊፕ የበዛበት ሰው ካለ ግን የዘረመል ሐኪም ያማክሩ፤ ኤፒሲ እና ፒቴን የሚባሉት ጂኖች የሚታሰቡት ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ታይሮይዴ በካንሰር ምክንያት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ለፀጉሬ 10 ሚሊ ግራም ባዮቲን እወስዳለሁ። ምርመራዬን ያበላሻል? (ከዱባይ)

መልስ፦ ሊያበላሽ ይችላል። ብዙ የላቦራቶሪ ማሽኖች ሆርሞኑን የሚይዙት በባዮቲን ስለሆነ ደም ውስጥ ባዮቲን ሲበዛ ቲኤስኤች በሐሰት ዝቅ፣ ነጻ ቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን) ደግሞ በሐሰት ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ሐኪሙም ያለ ምክንያት ክኒኑን ሊቀንስብዎ ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ካንሰሩ መመለሱን የሚጠቁመው ታይሮግሎቡሊን በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ዝቅ ብሎ መታየቱ ነው። ደም ከመስጠትዎ ቢያንስ 2 ቀን አስቀድመው ያቁሙ፤ ለሐኪሙም ይንገሩ። የሌቮታይሮክሲን ክኒንዎን ግን አያቁሙ፤ በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ወስደው ለቡናና ለቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቆዩ፤ ብረትና ካልሲየም ካለዎት በ4 ሰዓት ያርቋቸው።